የአብዱስ ሰላም የምርምር ሥራና ተጽዕኖ

ፕሮፌሰር አብዱስ ሰላም (1926–1996) ደካማውን (የአንዳንድ አቶሞችን ኒውክሊየስ ብስባሴ የሚያስከትለውን) እና ኤሌክትሮማግኔታዊውን ኃይል በአንድ ንድፈ ሐሳብ ካዋሐዱ ፊዚሲስቶች አንዱ ናቸው። በ1979 የኖቤል ሽልማትን ከሼልደን ግላሾውና ከስቲቨን ዋይንበርግ ጋር ተጋርተዋል (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ትውልዳቸው ዛሬ የፓኪስታን በሆነው ፑንጃብ ነው። በላሆርና በካምብሪጅ ተምረው ከ1957 ጀምሮ በለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ አስተምረዋል።

ስማቸውን ያስጠራው የዶክትሬት ሥራቸው ነው። በኳንተም የመስክ ንድፈ ሐሳብ ስሌቱ እየረቀቀ ሲሄድ ውጤቱ ወሰን የለሽ ይሆናል፤ ሪኖርማላይዜሽን ያን ወሰን የለሽ ክፍል ለይቶ በመጠነ ቁስና በቻርጅ ውስጥ ይጠቀልለዋል። ሁለት ቀለበቶች (በስሌቱ ሥዕል ላይ ተዘግተው የሚዞሩ መስመሮች) አንድ መስመር ሲጋሩ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። ወሰን የለሹ ክፍል የየትኛው ቀለበት እንደሆነ ስለማይለይ፣ በዘፈቀደ የሚቀንስ ሰው አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ይቀንሳል። ሰላም በ1951 ባሳተሙት ሥራ በቅድሚያ የየንዑስ ቀለበቱን፣ ቀጥሎም የተረፈውን የጋራ ክፍል በሥርዓት መቀነስ እንደሚቻል አሳዩ።

በ1956 ከሲያትል ወደ ለንደን የተመለሱት በአሜሪካ አየር ኃይል የማጓጓዣ አውሮፕላን ነበር። የወታደር ልጆች ለቅሶ እንቅልፍ በነሳቸው በዚያ ሌሊት፣ ደካማው ኃይል ግራና ቀኝን ለምን እንደሚለይ ሲያሰላስሉ ምክንያቱን ከኒውትሪኖ (ቻርጅ የሌለው ረቂቅ ቅንጣት) መጠነ ቁስ አልባነት ጋር አያያዙት። ፊዚሲስቱ ቮልፍጋንግ ፓውሊ ግን የተሻለ ነገር እንዲያስቡ መልእክት ላኩባቸው። ጽሑፉ በ1957 ሲወጣ ላንዳው፣ እንዲሁም ሊ እና ያንግ የተባሉት ፊዚሲስቶች ተመሳሳይ ሐሳብ ይዘው ቀርበዋል። ኒውትሪኖ ጥቂት መጠነ ቁስ እንዳለው ዛሬ ስለሚታወቅ መነሻው በጥብቅ አይሠራም፤ ግራ-ዘመም (እሽክርክሪቱ ከጉዞ አቅጣጫው ተቃራኒ የሆነ) ኒውትሪኖ ብቻ በደካማው ኃይል ይሳተፋል የሚለው ግን ጸንቷል።

ዋናው ሥራቸው የኤሌክትሮ-ደካማ ውሕደት ነው። ኃይልን የሚያስተላልፉ አራት ተሸካሚ መስኮች አሉ፤ የሚያዛምዳቸው ሲሜትሪ (ሚዛናዊነት) ሳይሰበር ሁሉም መጠነ ቁስ የላቸውም። ደካማው ኃይል ግን በጣም አጭር ርቀት ብቻ ስለሚሠራ ተሸካሚዎቹ ከባድ መሆን አለባቸው። ክብደቱን በቀጥታ ቀመሩ ውስጥ ቢያስገቡት ሲሜትሪው ይፈርሳል፣ ወሰን የለሾቹም አይጸዱም። ሰላም ከጆን ዋርድ ጋር በ1964 ያሳተሙት ሥራ ይህ እንከን ነበረበት። ሰላም መፍትሔውን ያገኙት በኢምፔሪያል ኮሌጅ የሥራ ባልደረባቸው ቶም ኪብል ካስተማሯቸው የሂግስ ስልት ነው፤ ይህም በቦታ ሁሉ ያለ መስክ የቀመሩን ሲሜትሪ ሳያፈርስ ለተሸካሚዎቹ ክብደት የሚሰጥበት መንገድ ነው። በዚህ ስልት ሁለቱ ገለልተኛ መስኮች በአንድ ማዕዘን ይደባለቃሉ፦ አንዱ ድብልቅ ክብደት አልባው ፎቶን፣ ሌላው ከባዱ ዜድ ይሆናል።

የማዕዘኑ ሳይን ካሬ በልኬት 0.23 ገደማ ነው። የደብልዩን (ቻርጅ ያለውን ከባድ ተሸካሚ) ክብደት ለመገመት ከሁለቱ ኃይሎች ጥንካሬ የሚገኘውን 37.3 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ለሳይኑ፣ ማለትም ለ0.48 ማካፈል ነው፤ ውጤቱ ወደ 78 ይሆናል። ልኬቱ ግን 80.4 ነው። ልዩነቱ በአመዛኙ የሚመጣው በዝቅተኛ ኢነርጂ 1/137 የሆነው የኤሌክትሮማግኔት ጥንካሬ በዜድ ደረጃ ወደ 1/128 ስለሚያድግ ነው። ተማሪ ይህን እርማት ሲዘነጋ ንድፈ ሐሳቡ የተሳሳተ ይመስለዋል።

ማረጋገጫው በ1973 በአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል በሰርን ጋርጋሜል በተባለው የአረፋ ክፍል (የቅንጣቶችን ዱካ በሚያሳይ መሣሪያ) በታየው ገለልተኛ ፍሰት (ቻርጅ ሳይለዋወጥ በዜድ በኩል በሚደረግ ግጭት) ጀመረ፤ ደብልዩና ዜድ ራሳቸው በዚያው በሰርን በ1983 ተገኙ።

የቀዳሚነት ክርክር አለ። የዋይንበርግ ሦስት ገጽ ጽሑፍ በኅዳር 1967 ታትሟል፤ የሰላም የታተመው በ1968ቱ የጎተንበርግ ጉባኤ ጥራዝ ነው። አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን ይዘው የሰላምን ድርሻ ያሳንሳሉ። ሆኖም ሰላም በ1967 መጸው በኢምፔሪያል በሰጡት ትምህርት ሐሳቡን እንዳቀረቡ ይገልጻሉ፤ የኖቤል ኮሚቴም ሦስቱን እኩል ሸልሟል። ዋርድ ሳይካተቱ መቅረታቸው ግን የሚያስቆጭ ነው።

ከ1973 ጀምሮ ከጆጌሽ ፓቲ ጋር ሌፕቶንን (እንደ ኤሌክትሮንና ኒውትሪኖ ያሉ ቅንጣቶችን) እንደ ኳርክ (የፕሮቶን መገንቢያ ቅንጣት) አራተኛ ቀለም፣ ማለትም አራተኛ የቻርጅ ዓይነት የሚቆጥር ሞዴል አቀረቡ፤ በአንድ ትውልድ 16 ሁኔታዎች ይገኛሉ፣ ቀኝ-ዘመሙን ኒውትሪኖ ጨምሮ። ፕሮቶን ሊበሰብስ ይችላል የሚለውን ጥያቄም አነሱ፤ ብስባሴው እስካሁን አልታየም። በ1974 ከጆን ስትራዝዲ ጋር ሱፐርስፔስን (ቦታና ጊዜን ቴታ በሚባሉ ተጨማሪ አክሲሶች የሚያሰፋ ሒሳባዊ ቦታ) ፈጠሩ። አራቱ የቴታ አክሲሶች ራሳቸውን ሲባዙ ዜሮ ስለሚሆኑ በቴታ የሚዘረዘር ቀመር 16 አባላት ላይ ያበቃል፤ ሱፐርሲሜትሪን (የቁስና የኃይል ቅንጣቶችን የሚያዛምድ ሲሜትሪ) በወረቀት ማስላት የቀለለው በዚህ ነው።

ከተማሪዎቻቸው መካከል በ1961 ከአሜሪካዊው ፊዚሲስት ከጌል-ማን ተለይተው የሃድሮኖችን (ከኳርክ የተሠሩ ቅንጣቶችን) ምደባ ያገኙት ዩቫል ኔማን ይገኙበታል። ኔማን ለንደን የመጡት የእስራኤል ወታደራዊ አታሼ ሆነው ነበር።

ከላሆር የ1951–1954 ቆይታቸው የተማሩት ግን ተመራማሪ ከዓለም ከተነጠለ እንደሚደርቅ ነው። በ1964 በትሪየስቴ፣ ጣሊያን የመሠረቱት ዓለም አቀፍ የቲዎረቲካል ፊዚክስ ማዕከል መልሱ ነው። በአሶሺየት ፕሮግራሙ የታዳጊ አገር ሳይንቲስት ሥራውን ሳይለቅ ለጥቂት ሳምንታት እየተመላለሰ ቤተ መጻሕፍቱን ይጠቀማል፣ ሴሚናር ይሰማል፣ ወደ ተማሪዎቹም ይመለሳል። ከኢትዮጵያ የሄዱ የፊዚክስ መምህራንም ተጠቅመውበታል። ሰላም እስከ 1993 መሩት፤ ከ1997 ጀምሮ በስማቸው ይጠራል።