የኩዌሪ የአፈጻጸም ዕቅድ ምንድን ነው?

አንድ ኩዌሪ (ለዳታቤዝ የሚቀርብ ጥያቄ) ሲዘገይ ብዙዎቻችን ቀድመን የምናስበው ኢንዴክስ (እንደ መጽሐፍ ማውጫ ረድፎችን ቶሎ ለማግኘት የሚረዳ መዋቅር) መጨመርን ነው። ይህ አንዳንድ ጊዜ ይሠራል፤ መዘግየቱ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ከተደረገ ግን ሳይመረመሩ መድኃኒት እንደመዋጥ ነው። ዳታቤዙ ሥራውን በምን መንገድ ለማከናወን እንደወሰነ ራሱ ይናገራል፤ ይህ ንግግሩ የአፈጻጸም ዕቅድ ይባላል።

ኩዌሪ በሚጻፍበት ቋንቋ፣ በኤስኪውኤል፣ የምንጽፈው የምንፈልገውን ውጤት እንጂ ውጤቱ የሚገኝበትን መንገድ አይደለም። ሦስት ሰንጠረዦች ሲጣመሩ የትኛው በቅድሚያ እንደሚነበብ፣ ንባቡ ከዳር እስከ ዳር ይሁን ወይስ በኢንዴክስ፣ ጥምረቱስ በኔስትድ ሉፕ (ለአንዱ ሰንጠረዥ እያንዳንዱ ረድፍ ሌላውን ደጋግሞ በመፈለግ)፣ በሃሽ (የአንዱን ረድፎች በማስታወሻ ውስጥ ለፍለጋ አመቻችቶ በማዛመድ) ወይስ በመርጅ ጆይን (ሁለቱንም በቅደም ተከተል ደርድሮ በማዛመድ) ይፈጸም የሚለውን የሚወስነው ኦፕቲማይዘር የሚባለው የዳታቤዙ ክፍል ነው። ኦፕቲማይዘሩ አማራጮቹን በዋጋ እያነጻጸረ ርካሹን ይመርጣል፤ የዚህ አሠራር መሠረት የተጣለው በአይቢኤም የሲስተም አር ፕሮጀክት ሲሆን፣ ፓትሪሺያ ሴሊንገርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጽሑፍ አብራርተውታል።

ዋጋ ሲባል ግን ሚሊሰከንድ ማለት አይደለም። ፖስትግሬስ በተባለው ዳታቤዝ መነሻ ቅንብር 8 ኪሎባይት የሆነውን አንድ ገጽ በተከታታይ ማንበብ 1፣ እዚህም እዚያም እየዘለሉ ማንበብ ደግሞ 4 ተብሎ ይሰላል፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ አንጻር የሚመዘን ነው። ስለዚህ ኩዌሪው የሰንጠረዡን ሰፊ ክፍል የሚጠይቅ ከሆነ ኦፕቲማይዘሩ ያለውን ኢንዴክስ ትቶ ሰንጠረዡን በሙሉ ቢያነብ አልተሳሳተም፤ «ኢንዴክሴን ለምን አይጠቀምም?» የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ መልሱ እዚህ ነው።

ዕቅዱን ለማየት ከኩዌሪው ፊት ኤክስፕሌይን የሚለውን ትእዛዝ መጻፍ ይበቃል። ይህ የሚያሳየው ግምቱን ብቻ ነው። አናላይዝ ሲጨመርበት ኩዌሪው በእርግጥ ይፈጸምና በየደረጃው የተገኘው የረድፍ ብዛትና የወሰደው ጊዜ ከግምቱ ጎን ይቀርባል፤ ማይኤስኪውኤል የተባለው ሌላው ዳታቤዝም ይህን ከስሪት 8.0.18 ጀምሮ ይሠራል። በፖስትግሬስ ረድፎችን የሚሰርዘውን የዲሊት ትእዛዝ በዚህ መንገድ የሚመረምር ሰው ረድፎቹ የምር እንደሚሰረዙ አይዘንጋ፤ ምርመራውን በትራንዛክሽን (አብረው በሚጸድቁ ወይም አብረው በሚሻሩ ትእዛዞች ጥቅል) ውስጥ አድርጎ መጨረሻ ላይ ሮልባክ ማለት፣ ማለትም ለውጡን መሻር፣ ያሻል።

ዕቅዱ የዛፍ ቅርጽ ስላለው ንባቡ በጣም ወደ ውስጥ ከገባው መስመር ይጀምራል። ብዙ ሰው ዓይኑን የሚጥለው ትልቁ የጊዜ ቁጥር ላይ ነው፤ እኔ ግን ከዚያ በፊት የተገመተውንና የተገኘውን የረድፍ ብዛት ማነጻጸር ይበልጣል እላለሁ፤ ምክንያቱም ሁለቱ ከታች ወደ ላይ ሲታዩ መጀመሪያ የተለያዩበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የስህተቱ ምንጭ ሲሆን፣ ከላይ ያለው ትልቅ ቁጥር ግን የዚያ ስህተት ውጤት ነው። አንድ ደረጃ ብዙ ጊዜ ከተደጋገመ ፖስትግሬስ የሚያሳየው የአንዱን ዙር አማካይ በመሆኑ፣ ጊዜውን በዙሩ ብዛት ማባዛት ያስፈልጋል።

ግምቱ የሚሳሳተው ለምንድን ነው? ኦፕቲማይዘሩ ሰንጠረዡን ቀድሞ አያነብም፤ የሚተማመነው ከናሙና በተሰበሰበ ስታቲስቲክስ ላይ ነው። ብዙ ዳታ በአንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ ስታቲስቲክሱ ያረጃል፤ ለዚህ ስታቲስቲክሱን የሚያድሰውን፣ ከኤክስፕሌይን ጋር ከሚጻፈው የተለየውን የአናላይዝ ትእዛዝ በሰንጠረዡ ላይ ማስኬድ ይበቃል። ስውሩ ችግር የዓምዶች ዝምድና ነው። 10 ሚሊዮን መኪናዎች በተመዘገቡበት ሰንጠረዥ ከየ20ው አንዱ የአንድ አምራች፣ ከየ100ው አንዱ ደግሞ የዚያው አምራች አንድ ሞዴል ነው እንበል። ኩዌሪው አምራቹንም ሞዴሉንም ቢጠይቅ ኦፕቲማይዘሩ ሁለቱ አይገናኙም ብሎ ዕድላቸውን ያባዛና 5,000 ረድፎችን ይጠብቃል፤ የሚመጡት ግን 100,000 ናቸው። ለጥቂት ረድፎች የሚስማማው ኔስትድ ሉፕ ተመርጦ ከሆነ የውስጡ ፍለጋ 20 እጥፍ ይደጋገማል። ፖስትግሬስ ከ10ኛው ስሪት ጀምሮ የዓምዶችን ዝምድና የሚመዘግብ ተጨማሪ ስታቲስቲክስ መፍጠር ያስችላል። ዓምዱን በፈንክሽን (ይዘቱን በሚቀይር ስሌት) ጠቅልሎ ማጣራትም ተራውን ኢንዴክስ ከጥቅም ውጭ ከማድረጉ ባሻገር ግምቱን ያዛባል።

ግምቱና ውጤቱ ተቀራርበው፣ ዕቅዱም ጥሩ ሆኖ ኩዌሪው አሁንም ከዘገየ መንስኤው ከዕቅዱ ውጭ ሊሆን ይችላል። ሌላ ትራንዛክሽን የያዘውን ሎክ (ሌሎች እስኪለቀቅ እንዲጠብቁ የሚያደርግ ቁልፍ) እየጠበቀ የቆመ ኩዌሪ ዕቅዱ ላይ ምንም እንከን አይታይበትም፤ እርሱን የሚያሳየው በዚያች ሰዓት በሥራ ላይ ያሉትን ግንኙነቶችና የሚጠብቁትን ነገር የሚዘረዝረው ፒጂ ስታት አክቲቪቲ የተባለው የፖስትግሬስ ዝርዝር ነው።