የጀልባ ሞተርን በነዳጅ ማጽጃ ማጽዳት

የጀልባ ሞተርን በነዳጅ ማጽጃ ማጽዳት ማለት ሞተሩ ሳይፈታ፣ የተመጠነ ኬሚካል ከቤንዚኑ ወይም ከናፍጣው ጋር ቀላቅሎ በማስነሳት፣ በነዳጅ መስመሩ፣ ቤንዚንን ከአየር ጋር በሚያቀላቅለው ካርቡሬተር ወይም ነዳጁን በሚረጩት ኢንጀክተሮች፣ በፒስተኖቹ አናትና በቀለበቶቻቸው ዙሪያ የተጋገረውን ቆሻሻ ቀስ በቀስ ማስለቀቅ ነው። በሱቅ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን የሚቆሙት ጠርሙሶች ተመሳሳይ ይምሰሉ እንጂ ሥራቸው አንድ አይደለም። አንዱ የተጋገረውን ያሟሟል፣ ሌላው ነዳጁ ተቀምጦ እንዳይበላሽ ይጠብቃል፣ ሦስተኛው ውሃን ለመቆጣጠር የተሠራ ነው፣ አራተኛው ደግሞ ናፍጣ ውስጥ የሚራቡ ተሕዋስያንን ይገድላል። በዚህ ነገር ብዙ ገንዘብ በከንቱ የሚወጣው አራቱ እንደ አንድ መድኃኒት ስለሚቆጠሩ ነው።

የጀልባ ሞተር ከመኪና ሞተር ይልቅ ለቆሻሻ የሚጋለጠው በአሠራሩ ብቻ ሳይሆን በአዋዋሉም ነው። መኪና በየቀኑ ሲነዳ ነዳጁ ቶሎ ቶሎ ይታደሳል፤ ጀልባ ግን ለወራት ቆሞ ይከርምና በአንድ ቀን ሙሉ ጉልበቱን ይጠየቃል፣ ወይም ዓሣ ለማጥመድ በሚኒሞ ለሰዓታት እያዘገመ ይውላል። ተቀምጦ የሚከርም ቤንዚን ከአየር ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ በውስጡ ያሉት ኦሌፊን የሚባሉ ውህዶች ተለውጠው ሙጫ ይሆናሉ። ከርሞ የወጣ ካርቡሬተር ሲከፈት ይህ በዓይን ይታያል፤ ቤንዚን በሚጠራቀምባት ጽዋ ወለል ላይ የጠቆረ ማር የሚመስል ነገር ተጣብቆ፣ እንደ ቆየ ቀለም የሚከረፋ ሽታ ይወጣል፣ ኢታኖል (ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀል አልኮል) ያለበት ነዳጅ ከሆነ ደግሞ ነዳጅ የሚያልፍባቸው የነሐስ ቀዳዳዎች አፍ ላይ አረንጓዴ ዝገት ይገኛል። በሚኒሞ መዋል የሚያመጣው ችግር ከዚህ የተለየ ነው። ሞተሩ በቂ ሙቀት ላይ ስለማይደርስ ያልተቃጠለው ነዳጅና ዘይት ካርቦን ሆኖ በፒስተኑ አናትና በቀለበቶቹ መቀመጫ ውስጥ ይጋገራል። ቀለበቱ በቦታው ሲጣበቅ የታመቀው ጋዝ ያመልጣል፣ ጉልበት ይወርዳል፣ ውሎ አድሮም የሲሊንደሩ ግድግዳ ይቧጨራል።

ለዚህ የሚውሉት ኬሚካሎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ወገን ተራ አሟሟ ነው። በ1942 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት የተመሠረተው የሲ ፎም ኩባንያ ምርት ቀጭን ዘይት፣ ናፍታ (ከድፍድፍ ነዳጅ የሚወጣ ቀላል ፈሳሽ) እና አይሶፕሮፒል አልኮል የተቀላቀለበት ነው፤ እንዲህ ያለው ድብልቅ ገና ያልደረቀ ሙጫን በማለስለስ ይሠራል። ሁለተኛው ወገን ዲተርጀንት ነው። ፖሊአይሶቡቲሊን አሚን የሚባለው ኢንጀክተሮችንና ቫልቮችን ደህና አድርጎ ያጸዳል፣ ነገር ግን እሳቱ በሚነድበት ክፍል የራሱን ቅሪት ሊተው ይችላል። ፖሊኤተር አሚን ግን ያንን ሙቀት ስለሚቋቋም ከሲሊንደሩ ውስጥም ካርቦን ያነሣል። አሠራሩ ከሳሙና ብዙ አይርቅም፤ የሞለኪዩሉ ናይትሮጅን ያለበት ጫፍ ቆሻሻው ላይ ሲጣበቅ፣ ረጅሙ ጅራቱ ከነዳጁ ጋር ተዋሕዶ ይዞት ይሄዳል። ያማሃ ለራሱ ማጽጃ የሰጠው ሪንግ ፍሪ (ነፃ ቀለበት እንደ ማለት) የሚለው ስም እንኳ ዋናው ጭንቀት የፒስተን ቀለበት መሆኑን ይናገራል። በአሜሪካ ከጥር 1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማንኛውም ቤንዚን ዝቅተኛ መጠን ያለው ዲተርጀንት እንዲኖረው በሕግ ተደንግጓል፤ በ2004 ደግሞ ቢኤምደብሊው፣ ጂኤም፣ ሆንዳና ቶዮታ ያ መጠን አይበቃም ብለው ቶፕ ቲየር የተባለውን ከፍ ያለ መለኪያ አወጡ።

አጠቃቀሙም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በየሙሊቱ ጥቂት እየጨመሩ ቆሻሻው እንዳይጋገር መከላከል ሲሆን፣ በእኔ ግምት ገንዘብ የሚያወጣው በአብዛኛው ይህ ነው። ሁለተኛው የተጋገረውን በአንድ ጊዜ የማስለቀቅ ሥራ ነው። ለዚህ ከዋናው ታንክ ይልቅ ትንሽ ተንቀሳቃሽ ታንክ ይዘጋጃል፤ በጥቂት ሊትር ቤንዚን ውስጥ አምራቹ ለዚህ ሥራ የፈቀደው ወፈር ያለ መጠን ይገባል፣ ሞተሩ በሚኒሞ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ይሠራል፣ ከዚያም ጠፍቶ ኬሚካሉ እንዲሰርግ ለሰዓታት ይተዋል። በማግሥቱ ወደ ውሃ ወርዶ በሙሉ ጉልበት ሲነዳ የላላው ካርቦን በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ ጭሱ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ወፍራምና ነጭ መሆኑ አያስደነግጥም። የሚያስደነግጠው ሌላ ነው። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው ከታች በሚስበው ውሃ ስለሆነ፣ በየብስ ላይ የውሃ ቱቦ ሳይገጠምለት ከተነሣ የውሃ ፓምፑ የላስቲክ ክንፎች ወዲያው መቃጠል ይጀምራሉ። ማጽጃ ሲያደርጉ ፓምፕ ማቃጠል ከሚሰማው በላይ የተለመደ ስሕተት ነው። ሥራው ሲያልቅ ካንዴላዎቹ ይለወጣሉ፤ ባለ አራት ምት (ዘይቱ ከቤንዚኑ ተለይቶ የሚቀመጥበት) ሞተር ከሆነም፣ ማጽጃው በቀለበቶቹ በኩል ወደ ታች ሊወርድ ስለሚችል ዘይቱን መቀየር ይመከራል።

የማጽጃው ድንበር የነዳጁ መንገድ ነው፤ ነዳጅ በማይደርስበት ማጽጃም አይደርስም። በቀጥታ ወደ ሲሊንደር ነዳጅ በሚረጭ ባለ አራት ምት ሞተር ላይ፣ በአየር መግቢያው ቫልቭ ጀርባ የሚጋገረውን ካርቦን በታንክ የተጨመረ ነገር አይነካውም። በማቀዝቀዣ መስመሮች የሚጋገር ጨውም እንዲሁ ሌላ ሥራ ይጠይቃል። ካርቡሬተሩ ሙሉ በሙሉ ከተደፈነማ ነዳጅ አያልፍበትምና ማጽጃውም አያልፍም፤ ያኔ ፈትቶ በእጅ ከመጥረግ ውጭ አማራጭ የለም። በተቃራኒው ደግሞ ማጽጃው በደንብ ሲሠራ ከታንኩና ከቱቦው የለቀቀው ቆሻሻ ሁሉ ወደ ፊልትሮ ስለሚሄድ፣ በመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ውሃ የሚለይ መለዋወጫ ፊልትሮ ይዞ መውጣት ያስፈልጋል። ከባሕር መሀል ሞተር ሲቆም «ማጽጃው ገደለው» የሚባለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉ የበለጠ ክርክር የሚነሣው በኢታኖል ላይ ነው። አሥር በመቶ ኢታኖል ያለበት ቤንዚን በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በመጠኑ ግማሽ በመቶ ያህል ውሃ አሟሙቶ መያዝ ይችላል፤ በ100 ሊትር ታንክ ይህ ግማሽ ሊትር ማለት ነው። ከዚያ ሲያልፍ ወይም ሲቀዘቅዝ ውሃውና ኢታኖሉ ተያይዘው ወደ ታች ይዘቅጣሉ፣ ሞተሩም ነዳጅ የሚስበው ከዚያው ከታች ነው። ይህን መልሶ የሚያዋሕድ ጠርሙስ አለ የሚሉ ማስታወቂያዎችን ማመን አይገባም፤ የዘቀጠው መቀዳት አለበት፣ ከላይ የቀረው ቤንዚንም ኦክቴኑ፣ ማለትም ያለጊዜው እንዳይፈነዳ የሚያደርገው አቅሙ፣ ወርዷል። የአሜሪካ ግዛቶች ኒው ዮርክና ኮነቲከት ከቤንዚን ጋር ይቀላቀል የነበረውን ኤምቲቢኢ የተባለ ኬሚካል በ2004 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ከልክለው ኢታኖል ሲተካ፣ አሮጌ የፋይበርግላስ ታንክ ያላቸው ጀልባዎች ከዚህ የባሰ ገጠማቸው። አልኮሉ የታንኩን ሬዚን እያሟሟ ወስዶ በቫልቮች ላይ እንደ ሬንጅ ለጠፈው፤ ያንን ማጽጃ አላስለቀቀውም፣ የሞተሩ ራስ መፈታት ነበረበት። ዛሬም በአሜሪካ አሥራ አምስት በመቶ ኢታኖል ያለበትን ቤንዚን ጀልባ ውስጥ መጨመር ክልክል ነው።

በናፍጣ ጀልባዎች ጉዳዩ መልኩን ይለውጣል። በታንኩ ወለል በሚጠራቀመው ውሃና በናፍጣው መጋጠሚያ ላይ ፈንገስና ባክቴሪያ ይራባሉ፤ ፊልትሮው ሲከፈት ጥቁርና ለስላሳ አተላ ይገኛል። ተሕዋስያኑን የሚገድለው ኬሚካል ይገድላል እንጂ ሬሳቸውን አያስወግድም፣ ስለዚህ ውሃው ካልተቀዳና ታንኩ ካልታጠበ ፊልትሮው መደፈኑን ይቀጥላል። መጠን ማብዛትም አደገኛ ነው። የካቲት 2020 እ.ኤ.አ. ከለንደን ጋትዊክ የተነሣ ኤርባስ ኤ321 ሁለቱም ሞተሮቹ በአየር ላይ ታውከው ተመልሶ አርፏል፤ ምርመራው ያገኘው ከዚያ በፊት በጥገና ወቅት ይኸው ዓይነት ጸረ ተሕዋስያን ከሚፈቀደው 38 እጥፍ ተጨምሮ እንደነበረ ነው። አውሮፕላን ጀልባ አይደለም፣ ነገር ግን «ትንሽ ከረዳ ብዙው ይበልጥ ይረዳል» የሚለው አስተሳሰብ ጠርሙስ በያዘ ሰው እጅ ሁሉ ያለ ነው።

በኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ቤንዚንን ከኢታኖል ጋር መቀላቀል በ2008 እ.ኤ.አ. በአምስት በመቶ ተጀምሮ በ2011 ወደ አሥር በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ጣና ገዳማት ለሚመላለሱት ጀልባዎች ግን ከኢታኖል በፊት የሚቀድም ነገር አለ፤ እርሱም ከፍታው ነው። ሐይቁ ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ስለሚገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 80 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡሬተር ያለው ሞተር እዚያ ሲሠራ ለአየሩ መጠን የበዛ ቤንዚን ይሰጣል፣ የበዛውም ካርቦን ይሆናል። ካንዴላው ተጸድቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ መልሶ ጥቁርና እርጥብ ሆኖ ከወጣ፣ ሌላ ጠርሙስ ከመግዛት ይልቅ የነዳጅ ቀዳዳውን ለከፍታው በሚስማማ ጠበብ ያለ መቀየር ይሻላል። በጀሪካን የሚመጣ ነዳጅም ወደ ታንክ ሲገለበጥ ውሃና ዝገት በሚያስቀር ወንፊት ያለው ማንቆርቆሪያ ቢያልፍ ከማጽጃ የሚበልጥ ጥቅም ይሰጣል። ባለ ሁለት ምት ሞተር ላይ ደግሞ ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቀለው ዘይት ቲሲ ደብሊው 3 የሚል ምልክት (በውሃ ለሚቀዘቅዝ ባለ ሁለት ምት ሞተር የተሠራ ዘይት መለያ) ያለው ሊሆን ይገባል፤ የመኪና ዘይት ውስጥ ያሉት የካልሲየምና የዚንክ ውህዶች ሲቃጠሉ አመድ ይተዋሉ፣ አመድን ደግሞ ከላይ ከተጠቀሱት አሟሟዎች አንዱም አያሟሟውም።