በኬብል የሰማችሁትን ስድብ ኤፍ ሲ ሲ አይቀጣላችሁም

ሥራዬ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ቤት ለቤት እየዞሩ ኬብልና ኢንተርኔት መዘርጋት ነው። ከደንበኞቼ ብዙዎቹ የእኛው ሰዎች ናቸው። ሽቦውን አስገብቼ፣ ሳጥኑን አስነስቼ ልወጣ ስል ቡና ይቀርባል። ቡናው ግሩም ነው። አብሮት የሚመጣው ጥያቄ ግን አሰልችቶኛል። «ልጄ፣ ይኼ ቻናል እኮ ልጆች ፊት ይሳደባል። ሕግ ባለበት አገር እንዴት ዝም ይባላል? የት ነው የሚከሰሰው?»

ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አንድ አባት እንዲያውም ወረቀትና እስክሪብቶ አዘጋጅተው ጠበቁኝ። አቤቱታውን በእንግሊዝኛ እንድጽፍላቸው ነው። የሚላከው ለኤፍ ሲ ሲ፤ ማለትም በ1934 ለተቋቋመው፣ ሬዲዮን፣ ቴሌቪዥንንና ስልክን ለሚቆጣጠረው የፌዴራል ኮሚሽን። የሚከሰሰው ደግሞ የኬብል ቻናል። «ጋሼ፣ ይኼ ደብዳቤ የትም አይደርስም» ስላቸው ለኩባንያው የምከላከል መሰላቸው። እስቲ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

«ቴሌቪዥን ላይ መሳደብ በሕግ ክልክል ነው»

ዋናው ስሕተት ይኼ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ ይወለዳል።

ሕጉ መኖሩ እውነት ነው። የፌዴራሉ የወንጀል ሕግ ብልግና፣ ነውርና ጸያፍ ንግግር በሬዲዮ ሞገድ እንዳይተላለፍ ይከለክላል። እስከ 2 ዓመት እስራት ያስቀጣል ይላል። ኤፍ ሲ ሲ ነውርንና ጸያፍ ቃልን በተመለከተ ይህን ሕግ ሥራ ላይ የሚያውለው በአየር በሚያስተላልፉ ጣቢያዎች ላይ ነው። እነዚህ በአንቴና፣ ያለ ክፍያ የሚገቡት ናቸው፤ የኤቢሲ፣ የሲቢኤስ፣ የኤንቢሲ፣ የፎክስ የአካባቢ ጣቢያዎች፣ እንዲሁም ኤፍ ኤምና ኤ ኤም ሬዲዮ። ኤችቢኦ የለበትም። ኤምቲቪ የለበትም። ኮሜዲ ሴንትራል የለበትም። ፎክስ ኒውስም የለበትም፤ ስሙ ከፎክስ ጣቢያ ጋር ቢመሳሰልም እሱ የኬብል ቻናል ነው።

ግራ የሚያጋባው ሁሉም በአንድ ሽቦ፣ በአንድ ሪሞት መምጣታቸው ነው። ቻናል 4ን አይታችሁ ጥቂት ወደ ላይ ስትወጡ ከአንዱ ሕግ ወደ ሌላው መሻገራችሁን የሚነግራችሁ ነገር የለም። የአካባቢው ጣቢያ በኬብል ሳጥን በኩል ቢታይም ሕጉ አይለቀውም፤ ምክንያቱም በአየርም እያስተላለፈ ነው።

ለምን ተለያዩ? ነገሩ የተለየው በፍርድ ቤት ነው። ጥቅምት 30 ቀን 1973 በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ከቀትር በኋላ 2 ሰዓት ገደማ፣ ደብሊው ቢ ኤ አይ የሚባል የኒውዮርክ ሬዲዮ ጣቢያ የኮሜዲያን ጆርጅ ካርሊንን ስለ ስድብ ቃላት የተቀዳ ቀልድ አስተላለፈ። አንድ አባት ከትንሽ ልጁ ጋር መኪና ውስጥ ሆኖ ሰማሁት ብሎ ለኤፍ ሲ ሲ ጻፈ። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በ1978 በ5 ለ4 ድምፅ ኤፍ ሲ ሲ አሸነፈ። ምክንያቱ ሁለት ነበር። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሳይጠሩ ቤት ይገባሉ፤ ማንበብ ያልጀመረ ሕፃን እንኳ ይሰማቸዋል።

ኬብልን ግን ጠርታችሁ ነው ያስገባችሁት። በየወሩ ትከፍላላችሁ። ውል ፈርማችኋል። አልፈልግም ያላችሁትን ቻናል ማዘጋት ትችላላችሁ። በ2000 ፕሌይቦይ የተባለው የወሲብ ቻናል ኩባንያ የአሜሪካን መንግሥት ከሶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ዳኞቹ፣ አሁንም በ5 ለ4፣ ይህንኑ አሉ። መንግሥት የኬብል ኩባንያዎች የወሲብ ቻናሎችን ሙሉ በሙሉ እንዲሸፍኑ፣ ካልሆነም በሌሊት ብቻ እንዲያሳዩ አዝዞ ነበር። ፍርድ ቤቱ ትእዛዙን ሻረው። የማይፈልግ ቤተሰብ ደውሎ ማዘጋት ከቻለ ለሁሉም ሰው መዝጋት አይቻልም ነው ያለው።

ስለዚህ ጋሼ፣ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት «እርስዎ ይዝጉት» ብሎዎታል። እኔ አይደለሁም።

አንድ ነገር ልጨምር። በሕግ ቋንቋ «ኦብሲን» የሚባለው፣ በ1973 በወጣው የፍርድ ቤት መለኪያ መሠረት ምንም ጥበብም ፋይዳም የሌለው ልቅ ወሲብ፣ በኬብልም ክልክል ነው። ተራ ስድብ ግን እዚያ ደረጃ አይደርስም።

«ታዲያ ኬብሎቹ ለምን ስድቡን በ‹ቢፕ› ድምፅ ይሸፍናሉ? ሕጉን ፈርተው ነዋ!»

ይህን ያለኝ አሌክሳንድሪያ የሚኖር ባለታክሲ ነው። የረታኝ መስሎት ፈገግ አለ። አልረታኝም።

የሚፈሩት ማስታወቂያ ሰጪውን ነው። የሳሙናና የመኪና ኩባንያ ስሙ ከስድብ ጎን እንዲሰማ አይፈልግም። ስለዚህ እያንዳንዱ ትልቅ ቻናል ፕሮግራሙን ከመልቀቁ በፊት እያየ ይኼ ይውጣ፣ ይኼ ይቅር የሚል የራሱ ክፍል አለው። ደመወዝ የሚከፍላቸው ቻናሉ ነው። መንግሥት የለበትም።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ ኤችቢኦን እዩ። ከ1972 ጀምሮ በደንበኛ ክፍያ የሚኖር ቻናል ነው። በፊልሞቹ መሐል ማስታወቂያ የለም፤ ቢፕም የለም። ኮሜዲ ሴንትራል ደግሞ በማስታወቂያ የሚኖር ነው፤ ቀን ቢፕ ያደርጋል፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ አንዳንዱን ሳይቆርጥ ይለቀዋል። ይኸው ቻናል በ2001 ሳውዝ ፓርክ የተባለውን የአዋቂዎች ካርቱን አንድ ክፍል ሲያሳይ አንድ ጸያፍ ቃል በግማሽ ሰዓት ውስጥ 162 ጊዜ ተደጋገመ። ስክሪኑ ጥግ ላይ ቆጣሪ ሳይቀር ነበር። ኤፍ ሲ ሲ አልቀጣም። ሊቀጣ ሥልጣኑ የለውም።

«ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ የፈለጉትን ይላሉ»

በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12፣ በእነሱ ከ10 እስከ 6፣ በአየር የሚያስተላልፉ ጣቢያዎች ነውርና ጸያፍ ቃል ቢያሰሙ አይቀጡም። «ኦብሲን» የተባለው ግን በየትኛውም ሰዓት ክልክል ነው። ከተፈቀደው ሰዓት በኋላም ቢፕ ሲያደርጉ ታያላችሁ። ምክንያቱ ያው ማስታወቂያ ነው።

«ኤፍ ሲ ሲ ቁጭ ብሎ ሲከታተል ይውላል»

አይከታተልም። ፕሮግራምም አስቀድሞ አያይም። ሕጉ ራሱ ሳንሱር እንዳያደርግ ከልክሎታል። የሚንቀሳቀሰው አቤቱታ ሲደርሰው ነው።

«ጃኔት ጃክሰን ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ተቀጣች»

ይኼ ደግሞ የወንዶች ወሬ ነው፤ የሱፐር ቦውል ሰሞን ሁሌ ይነሳል። እሷ ምንም አልተቀጣችም። ኤፍ ሲ ሲ የሚቀጣው ፈቃድ የያዘውን ጣቢያ ነው። የካቲት 1 ቀን 2004 በሱፐር ቦውል፣ ማለትም በአሜሪካ ፉትቦል የፍጻሜ ጨዋታ፣ የእረፍት ሰዓት ትርዒት ላይ የዘፋኟ ጡት ለቅጽበት በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ከ500 ሺህ በላይ አቤቱታ ጎረፈ። ቅጣቱ ሲቢኤስ በያዛቸው 20 ጣቢያዎች ላይ በእያንዳንዳቸው 27,500፣ ባጠቃላይ 550,000 ዶላር ሆነ። ይኼ የሚወራው ክፍል ነው። የማይወራው፣ የይግባኝ ፍርድ ቤት ቅጣቱን በ2008 መሻሩ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንደገና ይታይ ብሎ ከመለሰው በኋላም በ2011 ዳግመኛ መሻሩ ነው። በ2012 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነገሩን አላይም አለ። በቃ።

ግን ያ ግርግር አንድ ነገር ጥሎ አልፏል። በ2006 ኮንግረስ ከፍተኛውን ቅጣት ከ32,500 ወደ 325,000 ዶላር፣ ማለትም አሥር እጥፍ አሳደገው። በ2015 በሮአኖክ፣ ቨርጂኒያ የሚገኝ አንድ ጣቢያ በማታ ዜናው መሐል ለጥቂት ሰከንድ በታየ የወሲብ ምስል ይህንኑ 325,000 ተፈረደበት። ገንዘቡ የሚገባው መንግሥት ካዝና ነው። «ከስሼ ካሳ አገኛለሁ» የምትሉ እዚህ ላይ ተስፋ ቁረጡ።

«አንዲት ቃል ካመለጠች ያው ቅጣት ነው»

እንደ ዘመኑ ነው። በጥር 2003 ዘፋኙ ቦኖ በኤንቢሲ በቀጥታ በተላለፈ የሽልማት ሥነ ሥርዓት ላይ በደስታ አንድ ቃል አመለጠው። የኤፍ ሲ ሲ ሠራተኞች ችግር የለውም አሉ። በመጋቢት 2004 ኮሚሽነሮቹ ገለበጡት፤ ጥፋት ነው፣ ግን ቅጣት የለም። በ2012 ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ባሉ የአንድ ቃል ጉዳዮች ላይ ጣቢያዎቹ አስቀድሞ በቂ ማስጠንቀቂያ አልደረሳቸውም ብሎ ፈረደላቸው። ሕጉን ግን አልሻረውም። ከዓመት በኋላ፣ ከቦስተን ማራቶን ፍንዳታ ሰሞን፣ የቤዝቦል ተጫዋቹ ዴቪድ ኦርቲዝ በስታዲየም ማይክ ላይ ስለ ከተማው ሲናገር ያንኑ ቃል ጣለ። የኤፍ ሲ ሲ ሊቀመንበር በትዊተር ከልቡ ነው የተናገረው ብለው ደገፉት።

«የእኛ ሬዲዮ በአማርኛ ስለሆነ አይገባቸውም»

ይህን የምትሉ የፕሮግራም አዘጋጆች አሳዝናችሁኛል። ሕጉ ቋንቋ አይመርጥም። በ2013 ሊበርማን የተባለ የስፓኒሽ ቴሌቪዥን ባለቤት «ሆሴ ሉዊስ ሲን ሴንሱራ» በተባለ ፕሮግራሙ ሳቢያ ከኤፍ ሲ ሲ ጋር ተስማምቶ 110,000 ዶላር ከፍሏል። ሰዓት ተከራይታችሁ በኤፍ ኤም የምትሠሩ ከሆነ የሚጠየቀው ባለፈቃዱ ጣቢያ ነው፤ እሱ ደግሞ ከአየር ሊያወርዳችሁ አንድ ስልክ ይበቃዋል።

«ዩቲዩብና ኔትፍሊክስስ?»

አይመለከታቸውም።

«ቲቪ 14 የሚሉትን ምልክት የሚሰጠው መንግሥት ነው»

ፕሮግራሙ ከ14 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ላይሆን ይችላል የሚለውን ይህን ምልክት የሚሰጡት ቻናሎቹ ራሳቸው ናቸው። ጎኑ ላይ ኤል የሚል ፊደል ካለ ንግግሩ ሻካራ ነው ማለት ነው። መንግሥት ያዘዘው በ1996ቱ ሕግ መሠረት፣ ከጥር 2000 ጀምሮ 13 ኢንችና ከዚያ በላይ የሆነ ቴሌቪዥን ሁሉ ይህን ምልክት አንብቦ የሚዘጋ ቺፕ እንዲኖረው ነው። ችግሩ፣ ኬብሉ በሳጥን በኩል በኤችዲኤምአይ ገመድ ሲገባ የቴሌቪዥኑ ቺፕ ብዙ ጊዜ አያየውም። «ዘግቼዋለሁ እኮ» የሚሉኝ እናቶች ሁሉ የዘጉት ቴሌቪዥኑን ነው። ሳጥኑ እንደተከፈተ ነው።

ስለዚህ ሪሞቱን አንሱ። የሳጥኑን ሜኑ ክፈቱ፣ ሴቲንግ፣ ከዚያ ፓሬንታል ኮንትሮል (የወላጅ መቆጣጠሪያ)። መጀመሪያ ፒን አውጡ። 1234 አይሁን። የልጁ ልደትም አይሁን፤ ልደቱን ከእናንተ በላይ ያውቀዋል። ቀጥሎ ከቲቪ 14 በላይ ያለውን ቆልፉ፤ ልጆቹ ትንንሽ ከሆኑ ከቲቪ ፒጂ (የወላጅ ምክር ያስፈልገዋል ከሚለው) በላይ። ዜናና ስፖርት ብዙውን ጊዜ ምልክት ስለሌላቸው አይቆለፉም፤ የምትፈሩት ቻናል ካለ በስሙ ለብቻው ቆልፉት። ይህን ሁሉ በእያንዳንዱ ሳጥን ላይ ድገሙት። ሳሎን ያለውን ቆልፈው ቤዝመንት ያለውን የሚረሱ ብዙ ናቸው። ልጆቹ ያሉት ቤዝመንት ነው! ኔትፍሊክስም የራሱ ፒን አለው።

በአየር በሚያስተላልፍ ጣቢያ ላይ ከሆነ ግን አቤቱታው ይሠራል። የጣቢያውን መለያ ፊደላት፣ ከተማውን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተባለውን ቃል በቃል ጻፉና በኤፍ ሲ ሲ ድረ ገጽ አስገቡ። «ባለፈው ሳምንት አንዱ ቻናል ተሳደበ» ብሎ መጻፍ ዋጋ የለውም።

ፒኑን ከረሳችሁ ደግሞ የኩባንያው ደንበኞች አገልግሎት ጋ ደውሉ። እኔ ጋ አትደውሉ።