ውጫሌ፦ ከውሉ ባሻገር

ውጫሌ በደቡብ ወሎ ዞን፣ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው አስፋልት ዳር ያለች ትንሽ ከተማ፣ የአምባሰል ወረዳም መቀመጫ ናት። ሐይቅን ያለፈ መንገደኛ ግማሽ መንገድ ገደማ ላይ ያገኛታል። አካባቢው የሚሌ ወንዝ ተፋሰስ ነው፤ ሚሌ ከተሁለደሬ ደጋ ተነሥቶ መጀመሪያ ወደ ሰሜን ይወርድና ወደ ምሥራቅ ታጥፎ አፋር ምድር ላይ ከአዋሽ ይቀላቀላል። የውጫሌን ስም በታሪክ ትምህርት ያልሰማ የለም። ወርዶ ያያት ግን ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ሰው በመኪና መስኮት ያልፋታል።

አምባሰል ከውሉ በፊትም ስመ ጥር አገር ነው። ገዢዎቹ ጃንጥራር በሚል ማዕረግ ይጠሩ ነበር፤ የእቴጌ መነን አባት ጃንጥራር አስፋውም ከእነዚሁ ናቸው። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች አንዱ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። ግሸን ማርያምም በዚሁ ወረዳ ናት።

ውሉ የተፈረመው ከከተማዋ ወጣ ብሎ ይስማ ንጉሥ በሚባለው ቦታ ነው፤ ብዙ ሰው ከተማዋ ውስጥ ይመስለዋል። አጼ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ ሁለት ወር እንኳ አልሞላም። ምኒልክ ገና ዘውድ ሳይጭኑ በዚህ ሰፍረው ሳለ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከጣሊያኑ መልእክተኛ ከኮንት ፔትሮ አንቶኔሊ ጋር ባለ 20 አንቀጹን ውል ተፈራረሙ። 3ኛው አንቀጽ አስመራን ጨምሮ በሰሜን ያለውን ደጋ ለጣሊያን ይተዋል። ይህ እስከ ዛሬ የሚያከራክር ነው፤ በወቅቱ ግን አገሩ ከብቱን በበሽታ ጨርሶ ክፉ ቀን ውስጥ ገብቶ እንደነበር መዘንጋት አይገባም።

ጦር ያማዘዘው 17ኛው አንቀጽ ነው። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ሲላላኩ በጣሊያን በኩል ማድረግ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ ጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው። ምኒልክ ለአውሮፓ ነገሥታት የንግሥናቸውን ዜና በጻፉ ጊዜ፣ ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣው መልስ ደብዳቤው በጣሊያን በኩል መምጣት እንደነበረበት የሚያሳስብ ሆነ። ጥፋቱን በአስተርጓሚው በግራዝማች ዮሴፍ ላይ የሚጥሉ አሉ። አንቶኔሊ ግን ሸዋ ውስጥ ዓመታት የኖረና አማርኛ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ የሁለቱን ቃላት ልዩነት ሳያይ ፈረመ ማለት አያስኬድም። እቴጌ ጣይቱ ፊት ለፊት ተሟገቱት። ንጉሠ ነገሥቱም በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ። በ1888 ዓ.ም. ክተት ሲታወጅ ሠራዊቱ የተቀጠረው እዚሁ ወሎ፣ ወረኢሉ ላይ ነው፤ ከዚያ ዓድዋ የካቲት 23 መጣ። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተፈረመው የሰላም ውል የውጫሌን ውል ሰረዘ።

ጣሊያን ከ40 ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ፤ ከአስመራ በደሴ በኩል አዲስ አበባ የሚዘልቀውን መንገድ የሠራው በዚያ ወረራ ዘመን ነው። የ1966 እና የ1977 ድርቅ ወሎን ክፉኛ ጎዳ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ጦርነቱ በከተማዋ አለፈ።

ለጉብኝት የሚመጣ ሰው ከደሴም ሆነ ከወልዲያ መናኸሪያ መኪና ያገኛል። ይስማ ንጉሥ ላይ በቅርብ ዓመታት ሙዚየም ተሠርቷል። ቦታው ላይ ቆሞ ስሙን ደጋግሞ ማለት ራሱ አንድ ነገር ነው፦ ይስማ ንጉሥ፣ እንደ አቤቱታ። በከተማዋ የቡና ጥሪ የደረሰው እንግዳ አቦሉን ብቻ ጠጥቶ ቢነሣ ባለቤቷ ትቀየማለች፤ በረካውን ጠብቆ፣ ምርቃቱን ተቀብሎ ነው የሚወጣው። መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም በአንድ ረከቦት ዙሪያ ይመረቃሉ፤ ወሎ እንዲህ ነው።

ምርጡ ጊዜ ከመስከረም እስከ ጥቅምት ነው። የግሸን ንግሥ መስከረም 21 ይውላል፤ ማሽላውም ያሽታል። መንገድ ዳር ሕፃናት ጥንቅሽ በእስር በእስር አድርገው ወደ መኪናው መስኮት ይዘረጋሉ። ለማያውቅ ሰው፦ ልጣጩ እንደ ምላጭ ነው፣ ከንፈር ይቆርጣል። ከአንጓው ጀምሮ በጥርስ ቀስ ብሎ ወደ ታች መግፈፍ ነው፤ ነጩ ውስጡ ሲወጣ ተነክሶ ይመጠጣል።