አደይ አበባ አንድ አበባ አይደለም

ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። በየዓመቱ ያው ነው። "የአበባ ክፍሎች" የሚለው ትምህርት ሲደርስ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ትልቅ አበባ ይስላል፣ ቀስት እያወጣ ስም ይጽፋል። ተማሪው ይገለብጣል፣ ፈተና ላይ መልሶ ይስለዋል። በመስኮቱ ማዶ ያበበውን ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ለምን ሲባል የሚሰጠው ምክንያት ብዙው ስህተት ነው። ከምናስተምረውም ውስጥ ስህተት አለ። የሰለቸኝን ሁሉ ዛሬ ልዘርግፈው።

"ፖለን ዘር ነው።" አይደለም። ፖለን ከወንዴው ክፍል የሚወጣ ዱቄት ነው። ዘር የሚሆነው ኦቫሪ ማለትም ወደ ፍሬ የሚያድገው የሴቴዋ ክፍል ውስጥ ያለው ኦቭዩል፣ ትንሿ የዘር መነሻ ነው፣ ያውም በፖለን ሲዳብር።

"ሾላ አያብብም።" ያብባል። ጥሬ ሾላ ለሁለት ክፈሉ። ውስጧን ዙሪያውን የሞሏት ጥቃቅን ነገሮች አበቦቿ ናቸው። ጫፏ ላይ ባለችው ቀዳዳ የምትገባ ትንሽ ተርብ ናት የምታገናኛቸው።

"የካላ ሊሊ ነጩ ፔታሉ ነው።" ፔታል የአበባው የራሱ ባለቀለም ቅጠል ነው፤ ይሄ ነጩ ግን አበቦቹን የጠቀለለ ቅጠል ነው። እውነተኞቹ አበቦች መሃል ያለው ቢጫ ዘንግ ላይ ተደርድረዋል፤ ሴቴዎቹ ከታች፣ ወንዴዎቹ ከላይ።

"ለትምህርቱ ጽጌረዳ ይሻላል፣ ያምራል።" ክፍል በክፍል ነቅሎ ለማየት ግን አይመችም። የአበባ እርሻ ጽጌረዳ ያን ሁሉ ፔታል ያገኘው በአብዛኛው ስቴመኖቹ ማለትም ወንዴ ክፍሎቹ ወደ ፔታል ስለተለወጡ ነው። ተማሪው ፔታል ሲነቅል ክፍለ ጊዜው ያልቃል።

"ሁሉም አበባ ወንዴም ሴቴም አለው።" ይሄኛው ልጅ ያስለቅሳል። አስተማሪ በሆንኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ተማሪ ከቤቱ ጓሮ የዱባ አበባ ቆርጦ፣ አይቶ ስሎ አመጣ። ኦቫሪ የለውም። "ጎደለ" ብዬ በቀይ አሰመርኩበት። በማግስቱ ሁለት አበባ ይዞ መጣ። አንዷ ከሥሯ እንደ ጣት ጫፍ የምታህል ዱባ ይዛለች፣ ሌላው በቀጭን ዘንግ ላይ ቆሟል። "ቲቸር፣ እኔ የሳልኩት ይሄንን ነው" አለኝ። ልክ ነበር። ዱባ ወንዴና ሴቴ አበባው ለየብቻ ነው። ኮሶማ ዛፉ ራሱ ይለያል። የልጁን ማርክ መለስኩለት። ከዚያ ወዲህ ተማሪ የሳለውን ከመጽሐፉ ጋር ሳይሆን ከያዘው አበባ ጋር ነው የማስተያየው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። አደይ አበባ።

መስከረም ላይ ልጆች ይዘውት ይመጣሉ። "ስንት ፔታል አለው?" ሲባሉ ቢጫዎቹን ይቆጥራሉ። መምህሩም "ጎበዝ!" ይላል። ጠያቂውም መላሹም ተሳስተዋል። አደይ አበባ በአንድ አናት ላይ የተሰበሰቡ ብዙ ትንንሽ አበቦች ነው። ፔታል እያልን የምንቆጥረው እያንዳንዱ ቢጫ ራሱን የቻለ አንድ አበባ ነው። መሃሉ ላይ የተጠቀጠቀው ደግሞ ሌላ ብዙ አበባ ነው።

አላመናችሁም? አናቱን በሁለት አውራ ጣት ይዛችሁ ሰንጥቁት። ከመሃሉ አንዷን በመርፌ ጫፍ አውጡና ነጭ ወረቀት ላይ አስተኟት። በስልክ ካሜራ አቅርባችሁ እዩ። ከታች ቀጭን ኦቫሪ አለች። ከኦቫሪዋ በላይ አፉ ላይ አምስት ጥርስ ያለው ቢጫ ቱቦ አለ። ውስጡ ወንዴዎቹ እርስ በርስ ተያይዘው እንደ ቀለበት ሴቴዋን ከበዋታል። ሴቴዋ አልፋቸው ስትወጣ ጫፏ ለሁለት ይከፈላል። ይህ ሁሉ ከትንሽ ጣት ጥፍር በማትበልጥ ነገር ውስጥ ነው። ደግሞ ከዳር ያሉት ቀድመው ስለሚያብቡና የመሃሎቹ ገና እምቡጥ ስለሆኑ፣ ተማሪው በአንድ አናት ላይ ትንሿንም ትልቋንም ያያል።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ "ዝም ብለህ ታወሳስባለህ" አለኝ። ገበሬ ቤት ያደገ ሰው ነው። "አንድ የኑግ አበባ ስትፈለፍል ስንት ኑግ ይወጣል?" አልኩት። "ብዙ ነው እንጂ" አለ። ኑግ የአደይ ዘመድ ነው፤ ሱፍም እንዲሁ። እያንዳንዷ ኑግ ከአንዲት ትንሽ አበባ የወጣች፣ የራሷ ልባስ ያላት ሙሉ ፍሬ ናት። አናቱ አንድ አበባ ቢሆን ያ ሁሉ ፍሬ ከየት ይመጣል? ዝም አለ። በሳምንቱ ለራሱ ክፍል ሱፍ አምጥቶ አየሁት። ደስ አለኝ።

"ላቦራቶሪ የለንም" የሚባለውም አይገባኝም። ነጭ ወረቀት፣ መርፌና ጥፍር ካለ ይበቃል። ምላጭ የግድ ከሆነ መምህሩ ይያዝ፤ ስልሳ ልጅ እጅ ላይ ምላጭ አታስይዙ። አበባውን ጠዋት ቆርጣችሁ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልሉት።

ከዚያ እናቶቻችን ዶሮ እንደሚበልቱት በተራ ሂዱ። ከውጭ ጀምሩ፦ መጀመሪያ እምቡጡን ሸፍኖ የነበረው አረንጓዴው ሴፓል፣ ቀጥሎ ፔታል፣ ከዚያ ስቴመን፣ መጨረሻ ላይ መሃል የምትቀረው ሴቴዋ። የተነቀለው ሁሉ ወረቀቱ ላይ በረድፍ ይቀመጥ፣ ይቆጠር። ስም የሚነገረው ከተቆጠረ በኋላ ነው። ስሙን አስቀድማችሁ ከነገራችሁት ልጁ ማየቱን ይተዋል።

ልጆቹ ፍሬውን የሚያውቁትን አበባ ምረጡ። ጎመን ዘር ለጀማሪ ግሩም ነው፦ አራት ሴፓል፣ አራት ፔታል፣ ስድስት ስቴመን፤ አራቱ ረጅም፣ ሁለቱ አጭር። ባቄላ አሥር ስቴመን አለው፤ ዘጠኙ ተጣብቀው አንዱ ለብቻው። ሴቴዋን በመርፌ ስትሰነጥቋት ኦቭዩሎቹ በረድፍ ተቀምጠዋል። "ቲቸር፣ እሸት ነው እኮ!" የሚል ልጅ ሁሌ አይጠፋም። ቡና ባለበት አገር የቡና አበባ አምጡ። ኦቫሪው ሁለት ክፍል ነው፣ በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ኦቭዩል፤ ቀይ እሸቱ ውስጥ ሁለት ፍሬ ፊት ለፊት የሚተኛውም ለዚህ ነው። አስተናግርን ግን አትንኩ። አበባው ትልቅ ስለሆነ ያጓጓል፣ ሁለመናው ግን መርዝ ነው።

የመጨረሻው "ምዕራፉ እስኪደርስ እንጠብቅ" የሚለው ነው። ምዕራፉ ሲደርስ አደይ የለም፣ ደርቆ ረግፏል። ትምህርት በተጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ስጡት። ለአንድ ተማሪ አንድ አናት ይበቃዋል፣ ቀድሞ የጨረሰ ደግሞ የመሃሎቹን አንድ በአንድ ይቁጠር።