«ክሎን ዋርስ»ን ፊልሙን ሳታዩ አትፍረዱበት

«ፊልሙ ሲከስርባቸው ነው ወደ ቴሌቪዥን ያወረዱት።» እ.ኤ.አ. በ2008 ስለወጣው «ስታር ዋርስ፦ ዘ ክሎን ዋርስ» አኒሜሽን ፊልም በተወራ ቁጥር ይህን የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን ግልባጩ ነው። ቀድሞ የተጀመረው በዚሁ ስም የሚጠራው የቴሌቪዥን ተከታታይ ነው። የስታር ዋርስ ፈጣሪ ጆርጅ ሉካስ፣ ዳይሬክተሩ ዴቭ ፊሎኒ ለቴሌቪዥን ሲሠራቸው ከነበሩት የመጀመሪያ ክፍሎች የተወሰኑትን በትልቅ ስክሪን አይቶ ወደዳቸው፤ ተገጣጥመው ሲኒማ ይግቡ አለ። ፊልሙ ኦገስት 15 ወጣ፣ ተከታታዩ ኦክቶበር 3 በካርቱን ኔትወርክ ጀመረ። በሰባት ሳምንት ኪሳራ ቆጥሮ ተከታታይ አኒሜሽን የሚያደርስ ስቱዲዮ የለም። ኪሳራም አልነበረም፦ ወጪው 8.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ የሲኒማ ገቢው ከ68 ሚሊዮን በላይ።

ይህን ያወቀ ሰው ክፍሎቹ የተገጣጠሙበት ስፌት ይታየዋል። ክሪስቶፍሲስ የተባለው ፕላኔት ላይ ያለው ውጊያ አልቆ ታሪኩ የተዘጋ ሲመስል የወንጀለኞች አለቃው የጃባ ልጅ ሮታ ታፈነ ተብሎ እንደ አዲስ ይጀመራል። ሴናተር ፓድሜም ወደ መጨረሻው ብቅ ብላ የጃባን አጎት ዚሮን ታጋልጣለች።

«ፊቶቹ እንጨት የመሰሉት ገንዘብ ስላጠረ ነው።» በጀቱ ትንሽ መሆኑ እውነት ነው፤ መልኩ ግን የታሰበበት ነው። መነሻው የ1960ዎቹ የእንግሊዝ የአሻንጉሊት ተከታታይ «ተንደርበርድስ» ነው። የጠላት ወገን መሪው ዱኩ ሲናገር ምስሉን አቁማችሁ ጢሙን እዩት፦ ፀጉር በፀጉር አልተሠራም፣ ተጠርቦ በብሩሽ ቀለም የተቀባ ነው የሚመስለው።

«የልጆች ነው።» ቴት የተባለው ፕላኔት ገዳም ላይ ከካፒቴን ሬክስ ክሎኖች (ከአንድ ሰው ከተባዙት ወታደሮች) ስንት እንደሚተርፉ ቁጠሩ።

«ሙዚቃው የጆን ዊሊያምስ ነው።» የኬቨን ካይነር ነው፤ ዋናውን ዜማ ከዊሊያምስ ወስዶ።

«የ2003ቱ «ክሎን ዋርስ» ካርቱን ቀጣይ ነው።» አይደለም። ያ የጌንዲ ታርታኮቭስኪ ሥራ ነው፤ ከ2014 ወዲህም ከስታር ዋርስ ይፋዊ ታሪክ ውጭ ሆኗል። ይሄኛው ግን ውስጥ ነው።

ከሁሉ የሚያሰለቸው «ከፊልሙ ጀምሩ፣ ከዚያ በተራ ቁጥር ሂዱ» የሚለው ምክር ነው። ተከታታዩ በጊዜ ቅደም ተከተል አልወጣም። በቁጥር የሄደ ሰው ሲዝን 1 ላይ የሚሞቱትን ወታደሮች ስልጠና ላይ የሚያገኛቸው ሲዝን 3 ላይ ነው፤ ከዚያ «ግራ ገባኝ» ይልና ይተወዋል። የስታር ዋርስ ስቱዲዮ ሉካስፊልም ራሱ ያወጣው ቅደም ተከተል እንዲህ ይጀምራል፦ ሲዝን 2 ክፍል 16፣ ሲዝን 1 ክፍል 16፣ ፊልሙ፣ ሲዝን 3 ክፍል 1፣ ሲዝን 3 ክፍል 3፣ ከዚያ ሲዝን 1 ክፍል 1። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ክሪስቶፍሲስ ላይ ከፊልሙ በፊት የሆነውን ያሳያሉ፦ ዋናው ጀግና አናኪን ከበባውን እንዴት እንደሰበረ፣ ከክሎኖቹ መካከል ማን ከድቶ የጦር መሣሪያውን እንዳጋየ። ይህን ሳታዩ ፊልሙን ብትከፍቱ መሀል ጦርነት ላይ ነው የምትወድቁት።

ከዚያ በኋላ ሲዝን 1ን ስትቀጥሉ ክፍል 16ን ያያችሁት ስለሆነ ዝለሉት፤ ክፍል 22ን ግን አቆዩት። ፊልሙ መጨረሻ ላይ የታሰረው ዚሮ የሚያመልጠው እዚያ ነው፤ ቦታውም ከሲዝን 3 ክፍል 8 በኋላ፣ ከክፍል 9 በፊት ነው።

የአናኪን ተማሪ አሶካ ፊልሙ ላይ ታናድዳለች የምትሉ ደግሞ ልክ ናችሁ። የ14 ዓመት ልጅ ናት፣ መምህሯን በቅጽል ስም የምትጠራ። እስከ ሲዝን 5 መጨረሻ ታገሷት።