የብሬል ኖታን ወደ ሕትመት ኖታ የሚቀይሩ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌሮች፦ ለድሬዳዋ ሙዚቀኞች

ድሬዳዋ ላይ ዓይነ ስውር የኪቦርድ ተጫዋች ዜማውን በስሌት (ብሬል መጻፊያ ሰሌዳ) እና በስታይለስ (መውጊያ) ወረቀት ላይ ይወጋል። አብረውት የሚጫወቱት ግን ብሬል ስለማያነቡ ድርሰቱ በቃል ብቻ ይተላለፋል፤ እሱ በሌለበት ቀን የሚያነበው የለም። ለዚህ የሚረዱ ነጻ ሶፍትዌሮች አሉ። የሕትመት ኖታን ወደ ብሬል የሚቀይሩት በርከት ይላሉ፤ ከብሬል ወደ ሕትመት የሚሄዱት ግን ጥቂት ናቸው፣ ሥራውም ይከብዳል።

የሚከብደው ከብሬል ኖታ አሠራር የተነሳ ነው። ኦርጋን ተጫዋች የነበረው ሉዊ ብሬል በ1829 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ሥርዓት ሙዚቃንም በስድስቱ ነጥቦች (በግራ ከላይ ወደ ታች 1፣ 2፣ 3፤ በቀኝ 4፣ 5፣ 6) አካቷል። ዛሬ በሚሠራበት የብሬል ኖታ የላይኞቹ አራት ነጥቦች ድምፁን ይናገራሉ፦ ዶ 1-4-5፣ ሬ 1-5፣ ሚ 1-2-4፣ ፋ 1-2-4-5፣ ሶል 1-2-5፣ ላ 2-4፣ ሲ 2-4-5። የታችኞቹ 3 እና 6 ርዝመቱን ይነግራሉ፦ ሁለቱም ከሌሉ ኤይትዝ (የሆል አንድ ስምንተኛ)፣ 6 ብቻ ከሆነ ኳርተር (አንድ አራተኛ)፣ 3 ብቻ ከሆነ ሀፍ (ግማሽ)፣ ሁለቱም ካሉ ሆል (ሙሉ)። ችግሩ ያው የሆል ምልክት ሲክስቲንዝም (አንድ አሥራ ስድስተኛም) መሆኑ ነው፤ የሀፍ፣ የኳርተርና የኤይትዝ ምልክቶችም እንዲሁ ሁለት ሁለት ርዝመት አላቸው። አንባቢው የሚለየው ሜዠሩን (ዜማው በእኩል ምት የሚከፈልበትን ክፍል) ቆጥሮ ነው።

በትዝታ ሜጀር የተጻፈ አንድ የ2/4 ሜዠር እንውሰድ፦ ዶ ከ3 እና ከ6 ጋር፣ ከዚያ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ያለ ታች ነጥብ፤ ቀጥሎ ላ ከሁለቱ ጋር፣ ሶል፣ ሚ፣ ሬ ያለ ታች ነጥብ። ጀማሪ ሲያየው ኤይትዝ የበዛበት ይመስለዋል። በዚያ ከተቆጠረ ግን ሜዠሩ ሞልቶ ይፈሳል። በብሬል ልማድ የአራት ሲክስቲንዝ ቡድን መጀመሪያው ብቻ በትክክለኛ ምልክቱ ይጻፋል፣ የቀሩት ሦስቱ በኤይትዝ መልክ ይከተላሉ። ስለዚህ ስምንቱም ሲክስቲንዝ ናቸው፤ ሲደመሩም 2/4 ይሞላሉ።

ማሪዮ ላንግ የጻፈው ብሬል ሚውዚክ ኮምፓይለር የሚሠራው በዚሁ ሒሳብ ነው፤ ለእያንዳንዱ ምልክት ሊሆኑ የሚችሉትን ርዝመቶች ሞክሮ ከታይም ሲግኔቸሩ (እንደ 2/4 ካለው የምት ምልክት) ጋር የሚገጥመውን ይመርጣል፣ ውጤቱንም ኖታን ከተራ ጽሑፍ ለሚያትመው ለሊሊፖንድ ፕሮግራም ፋይል ያደርገዋል። ፕሮግራሙ ተጭኖ የሚመጣ ስላልሆነ በሊነክስ ላይ ከኮዱ መገንባት ያስፈልጋል፤ መሣሪያዎቹም የሲ ፕላስ ፕላስ ኮምፓይለር፣ ሲሜክና ቡስት ላይብረሪ ናቸው። ኢንተርኔት ሲመች ሁሉንም በአንድ ፍላሽ ላይ አውርዶ ማስቀመጥ ድካም ይቀንሳል። በተቃራኒው አቅጣጫ ፍሪዶትስ ሚውዚክ ኤክስኤምኤልን (የኖታ ፕሮግራሞች የሚለዋወጡበትን ፋይል) ወደ ብሬል ይቀይራል፤ ሚውዚክ21ም እንዲሁ ብሬል ያወጣል። የኖታ መጻፊያው ሙዝስኮር ከ4.1 ጀምሮ የተከፈተውን ኖታ በብሬል ያሳያል።

በወረቀት ያለው ዜማ መጀመሪያ ወደ ኮምፒውተር ይገባል። የብሬል ማዘጋጃው ፕሮግራም ብሬልብላስተር ባለ ስድስት ቁልፍ አጻጻፍ አለው፦ ኤፍ፣ ዲ፣ ኤስ ለ1፣ 2፣ 3፤ ጄ፣ ኬ፣ ኤል ለ4፣ 5፣ 6። በተራ የቃላት ማቀናበሪያ ከተከፈተ ግን ራስ አራሚው ምልክቶቹን ይቀይርና ፋይሉ ይበላሻል።

እዚህ ላይ ከሁሉ የሚብሰው ስሕተት ዓይናማው ረዳት ነጥቡን ከተወጋበት ጎን ማንበቡ ነው። በስሌት ሲጻፍ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚወጋ ያ ጎን በመስታወት እንደሚታይ ነው፤ ዶ ሚ ይሆናል፣ ሬ ላ፣ ሶል ሲ፤ ፋ ብቻ አይለወጥም። ወረቀቱ ተገልብጦ ያበጡት ነጥቦች ይነበቡ።

ሌላው የኦክታቭ ምልክት ነው፤ ኖቱ በየትኛው ከፍታ (ከዶ እስከ ሲ ባለ የትኛው እርከን) እንዳለ ይናገራል። የመጀመሪያው ኖት ሁልጊዜ ያስፈልገዋል፤ መሃል ያለው ዶ ነጥብ 5 ይቀድመዋል። ከዚያ በኋላ ከቀደመው ኖት ያለው ሁለተኛና ሦስተኛ ርቀት (እንደ ዶ–ሬ እና ዶ–ሚ) ምልክት አይጽፉም፣ ስድስተኛና ከዚያ በላይ የግድ ይጽፋሉ፣ አራተኛና አምስተኛ ርቀት ግን ወደ ሌላ ኦክታቭ ከተሻገሩ ብቻ ይጽፋሉ። ለትዝታ ይህ ይጠቅማል፦ ከላ ወደ ላይኛው ዶ ምልክት የለም፣ ከሶል ወደዚያው ዶ ግን አለ። ያቺ አንዲት ምልክት ከተረሳች ዶው አንድ ኦክታቭ ወርዶ ይነበባል፣ እሱን ተከትሎም ቀጣዩ ምልክት እስኪመጣ ያለው ሁሉ ይወርዳል።

ግጥሙን ከብሬሉ ለማውጣት መሞከር አይመከርም፤ የቃል ፊደላትና የኖታ ምልክቶች አንድ ዓይነት ሴል ስለሆኑ ይደባለቃሉ። በሊሊፖንድ በቀጥታ በግዕዝ ፊደል መጻፍ ይቻላል፤ ክፍለ ቃላቱ በሁለት ሰረዝ ይለያያሉ፦ ት -- ዝ -- ታ። የኢትዮጵያ ፊደል ያለው ፎንት ካልተጫነ ባዶ ሣጥን ይታተማል። ድሬ ላይ ኦሮምኛና ሶማልኛም ስለሚዘፈን አከፋፈሉ በየቋንቋው ለየብቻ ይሠራል።

ዜማው ከሁለት ገጽ ካነሰ ኮምፓይለሩን ከመገንባት ደራሲው ራሱ በኤንቪዲኤ ስክሪን ሪደር (ስክሪኑን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም) እየታገዘ ሊሊፖንድ ላይ ቢጽፈው ይፈጥናል፤ ሊሊፖንድ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ያለ ማውስ ይሠራል። በሁለቱም መንገድ በየሜዠሩ መጨረሻ የባር መፈተሻ (| ምልክት) ይጨመር፤ ሜዠሩ ከጎደለ ወይም ከበዛ ፕሮግራሙ መስመሩን ጠቅሶ ያስጠነቅቃል። ከመታተሙ በፊት ሚዲ ፋይልም (ኮምፒውተሩ ዜማውን የሚያጫውትበት ፋይል) ይውጣና ደራሲው ከብሬል ወረቀቱ ጋር ሜዠር በሜዠር ያዳምጠው፤ የኦክታቭ ስሕተትን የባር መፈተሻው አይዝም፣ የደራሲው ጆሮ ግን ወዲያው ይይዘዋል።